ሥራው ማሽኑን ይከተላል፦ የካንሰር ጨረር ሐኪም ቋሚና ጊዜያዊ ሥራ

የውስጥ ደዌ ሐኪም ሥራ ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚኖርበትን ከተማ ይመርጣል፤ ሥራው ከዚያ በኋላ ይገኛል። ባይገኝም ሁለት ክፍል ተከራይቶ የራሱን ክሊኒክ ለመክፈት ሊያስብ ይችላል። የካንሰር ጨረር ሐኪም እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ሕክምናው የሚሰጠው ሊኒየር አክስሌሬተር በተባለ፣ እኛ በአጭሩ ሊናክ በምንለው መሣሪያ ነው። መሣሪያው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ የሚቀመጥበት ክፍል ጨረሩ ወደ ውጭ እንዳያልፍ አንዳንድ ቦታ ላይ ውፍረቱ ሁለት ሜትር ገደማ በሚደርስ የኮንክሪት ግድግዳ ይታጠራል፤ የማሽኑንና የጨረሩን ልክ የሚያረጋግጥ ሜዲካል ፊዚሲስት፣ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ የጨረር ዕቅድ የሚያሰላ ዶዚሜትሪስትና ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱ የጨረር ቴክኖሎጂስቶች ከሌሉም ቆሞ ከመታየት አያልፍም። ስለዚህ ማሽኑ ወደ ሐኪሙ አይመጣም፤ ሐኪሙ ማሽኑ ወዳለበት ይሄዳል። በዚህ ሙያ ሥራ መፈለግን ከሌላው የሕክምና ዘርፍ የሚለየው ነገር ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ይመስለኛል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ እዚህ አሜሪካ በጨረር ሕክምና ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) ላይ ያሉ ጥቂት የአገሬ ልጆች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ነው። «ዶክተር፣ ቋሚ ሥራ ብንይዝ ይሻላል ወይስ ሎከም ብንሠራ? እርስዎ ሁለቱንም አይተዋል» ይሉኛል። ሎከም የሚሠራ ሐኪም ቋሚው ሐኪም ፈቃድ ሲወጣ፣ ሲታመም ወይም ሥራ ሲለቅ ለተወሰነ ጊዜ በቦታው የሚተካ ነው። ወጣቶቹ ነፃነቱና የቀን ክፍያው ያጓጓቸዋል። እናቴ በበኩሏ የመጀመሪያውን የሎከም ውል መፈረሜን በስልክ ስነግራት፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ በኮንትራት ልትሠራ ነው እንዴ የኔ ልጅ?» ብላ ከልቧ አዝናለች፤ እስከ ዛሬም ለጎረቤት ስትናገር ቋሚ ነው እያለች ታልፈዋለች። ሁለቱም ወገን የሚለካው በገንዘብና በዋስትና ነው። እኔ ግን ቀስ በቀስ የደረስኩበት መለኪያ የሕመምተኛው ቀን መቁጠሪያ ነው፦ ሕክምናው ተጀምሮ እስኪያልቅ ስንት ሳምንት ይፈጃል? ከዚያ በኋላስ ማን ይከታተለዋል? ውሉ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ከሌለው፣ ቋሚ ተባለ ጊዜያዊ ብዙ ለውጥ የለውም።

ስለ ሥራ ገበያው ጥቂት ልበል። በአሜሪካ የጨረር ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ከሕክምና ትምህርት በኋላ አንድ ዓመት ኢንተርንሺፕና አራት ዓመት ሬዚደንሲ ያስፈልጋል፤ ከዚያም የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ቦርድ የሚሰጣቸውን የፊዚክስ፣ የጨረር ባዮሎጂና የክሊኒክ የጽሑፍ ፈተናዎች፣ በመጨረሻም የቃል ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው። እኔ ስገባ ሙያው እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ነበር። በኋላ ግን ሁለት ነገር ተደራርቦ መጣ። የሬዚደንሲ ቦታዎች ከዓመት ዓመት እየበዙ ሲሄዱ፣ ሕክምናው ራሱ እያጠረ ሄደ። ቀድሞ ለአምስትና ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ትመላለስ የነበረች የጡት ካንሰር ሕመምተኛ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ትጨርሳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የአምስት ዓመት ውጤቱ የታተመው ፋስት ፎርዋርድ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ለብዙዎቹ አምስት ቀን ብቻ እንደሚበቃ አሳየ። የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምናም ከስምንት ሳምንት ወደ አራትና አምስት፣ ለተመረጡ ሰዎችም ወደ አምስት ቀን ወርዷል። ይህ ለሕመምተኛ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ክፍያው በአብዛኛው በሕክምና ቀናት ብዛት ለሚሰላ ማዕከል ግን ገቢ ቀነሰበት ማለት ነው፤ ሁለተኛ ሐኪም ለመቅጠርም እጁ ያዝ ይል ጀመር። ወጣቶቹ ይህን አይተው ፈሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 በተደረገው የሬዚደንሲ ምደባ በርካታ የጨረር ሕክምና ቦታዎች ሳይሞሉ ቀሩ። ፍርሃቱ ግማሽ እውነት ነበረው ባይ ነኝ። ሥራ አልጠፋም፤ የጠፋው ሰው በሚመኘው ከተማ የሚገኝ ሥራ ነው።

ከውጭ ለመጣን ሐኪሞች ደግሞ ምርጫው ከዚህም ይጠባል። ብዙዎቻችን የምንሠለጥነው በጄ ዋን ቪዛ ሲሆን፣ ሥልጠናው ሲያበቃ ለሁለት ዓመት ወደ አገር የመመለስ ግዴታ አለበት። ከዚህ ግዴታ ነፃ ለመሆን የተለመደው መንገድ ኮንራድ 30 የሚባለው ፕሮግራም ነው፦ እያንዳንዱ ግዛት በዓመት እስከ 30 ለሚደርሱ ሐኪሞች ድጋፍ ይሰጣል፣ እነሱም በዋናነት ሐኪም ባነሰበት አካባቢ ሦስት ዓመት በሙሉ ጊዜ ያገለግላሉ። ብዙ ግዛቶች ቅድሚያውን ለቤተሰብና ለውስጥ ደዌ ሐኪሞች ይሰጣሉ። ሐኪም ካነሰባቸው አካባቢዎች መካከል ሊናክ ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ ከነዚህ ውስጥ በዚያ ዓመት ሐኪም የሚፈልጉት በጣት ይቆጠራሉ። በዚህ ጊዜ ሎከም የሚባል ነገር ጨርሶ አይታሰብም፤ በዚህ ጊዜ የምንሠራበት ኤች ዋን ቢ የተባለው የሥራ ቪዛ የተሳሰረው በስም ከተጠቀሰ ቀጣሪ ጋር ነውና። ስለዚህ ወጣቶቹ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ግሪን ካርድ መያዝ አለመያዛቸውን ነው። ካልያዙ፣ ምክሬ ለጊዜው ስለ ቋሚው ሥራ ብቻ ይሆናል።

እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው፦ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ሊናክና አንድ የጨረር ሐኪም ባለው ትንሽ ከተማ። ለቃለ መጠይቅ የሄድኩ ቀን አስተዳዳሪዎቹ አዲሱን የመቀበያ አዳራሽ፣ የመኪና ማቆሚያውንና የከተማውን ሐይቅ አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ለቃለ መጠይቅ ስሄድ ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ምሳ ከመብላቴ በፊት ወደ ምድር ቤት ወርጄ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ቴክኖሎጂስቶች ዘንድ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ልማድ አድርጌአለሁ። የመጨረሻው ሕመምተኛ ስንት ሰዓት ይወጣል? ማሽኑ በወር ስንት ጊዜ ይቆማል፣ ሲቆምስ ጠጋኙ በስንት ሰዓት ይደርሳል? ፊዚሲስቱ ሁልጊዜ አለ ወይስ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል? የሕክምና ዕቅዱን ሌላ ሐኪም አይቶ ይገመግመዋል ወይስ የፈረመው ሰው ብቻ ያውቀዋል? ቴክኖሎጂስቶቹ ሰው ስለማይጠይቃቸው ጥያቄው ያስደስታቸዋል፣ መልሳቸውም አይሸፋፈንም። በአንድ ቦታ አንዲት ቴክኖሎጂስት፣ «ከአንተ በፊት የነበሩት ሁለቱ ለምን እንደሄዱ ነግረውሃል?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። አልነገሩኝም ነበር።

በዚያ በመጀመሪያው ሥራዬ «በቅርቡ ሁለተኛ ሐኪም እንቀጥራለን» የሚል የቃል ተስፋ ተሰጥቶኝ ነበር፤ በውሉ ላይ ግን አልሰፈረም፣ ሦስቱ ዓመትም ሁለተኛ ሐኪም ሳይመጣ አለፈ። በመሆኑም ለእረፍት የምወጣው ተተኪ ሎከም ሲገኝ ብቻ ሆነ። የጊዜያዊ ሐኪምን ጥቅም የተረዳሁት እንግዲህ ራሴ ሎከም ከመሥራቴ በፊት፣ ሎከም ጠባቂ ሆኜ ነው።

በሌላ ዘርፍ ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት ቢሄድ ቀጠሮዎች ይተላለፋሉ። በእኛ ዘንድ ማስተላለፍ አይቻልም። ጨረር በየቀኑ በትንሽ በትንሹ፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ በመካከል ሲቋረጥ ያልሞቱት የካንሰር ሴሎች እንደገና ይባዛሉ። በራስና አንገት ካንሰር ጠቅላላ የሕክምናው ጊዜ በአንድ ቀን በረዘመ ቁጥር በሽታውን የመቆጣጠር ዕድል አንድ በመቶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ ይታወቃል። በማህፀን በር ካንሰርም ከውጭ በማሽን የሚሰጠውና ወደ ውስጥ በሚገባ ምንጭ የሚሰጠው ጨረር አንድ ላይ በስምንት ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ የምንጣደፈው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ቢሄድም ማሽኑ አይቆምም፤ በየቀኑ የሚነሣውን ምስል የሚያይ፣ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ቢያንስ በየሳምንቱ የሚመረምር፣ አዲስ የሚጀምረውን ሰው ዕቅድ የሚፈርም ሰው መኖር አለበት። ሎከም በዚህ ሙያ የግድ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ሰኞ ላሳያችሁ። ለሁለት ሳምንት የተካሁት ሐኪም በእጅ ጽሑፍ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ትቶልኝ ነበር፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሁሉም እንዲህ አያደርግም። በሕክምና ላይ ካሉት አንዱ የምላስ ሥር ካንሰር የያዛቸው፣ በ35 የሕክምና ቀን 70 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) የታዘዘላቸው የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ያ ቀን 17ኛቸው ነው። ቴክኖሎጂስቱ ገና ሳይጀምር ጠራኝ። ራሳቸው እንዳይነቃነቅ የሚይዘው፣ በፊታቸው ልክ የተቀረጸውና እንደ ወንፊት የተበሳሳው የፕላስቲክ ማስክ ልል ብሏል፤ በጉንጫቸውና በማስኩ መካከል ጣት ይገባል። መዋጥ አቅቷቸው ስምንት ኪሎ ቀንሰዋል። በዕለቱ የተነሣውን ምስል ዕቅዱ ከተሠራበት ከመጀመሪያው የሲቲ ምስል ጋር ሳስተያይ አንገታቸው ጠብቧል፣ አገጫቸውም ትንሽ ወርዷል፤ ይህ ማለት ለዕጢው የታሰበው የጨረር መጠን ወደ ሕብለ ሰረሰራቸው ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። ዕቅዱ የእኔ አይደለም፤ የተካሁት ሐኪም መገምገሚያ ሲቲ ለማንሣት ያቀደው እሱ ከተመለሰ በኋላ ነበር። ብጠብቅ ማንም አይወቅሰኝም፤ ሰውየው ግን እስከዚያ ዘጠኝ ሕክምና ይወስዳሉ። ደወልኩለት። «በአንተ ቦታ ብሆን ዛሬውኑ ነበር የማነሣው» አለኝ። አዲስ ማስክ ተቀረጸ፣ አዲስ ሲቲ ተነሣ፤ ፊዚሲስቱ የቀድሞውን ዕቅድ በአዲሱ ምስል ላይ አስልቶ የሕብለ ሰረሰሩ መጠን ገና ከገደቡ በታች መሆኑን ስላረጋገጠልኝ ሕክምናውን ሳናቋርጥ ቀጠልን፤ እኔ ማታውን የዕጢውንና በዙሪያው ያሉትን አካላት ወሰን በአዲሱ ምስል ላይ እንደገና ሳልኩ፣ ዶዚሜትሪስቷ ረቡዕ ዕቅዱን ጨረሰች፣ ሐሙስ በአዲሱ ጀመርን። የምግብ ባለሙያዋም ስለ መመገቢያ ቱቦ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገረች። ሰውየው 35ኛውን ቀን ሲጨርሱ እኔ ሌላ ግዛት ነበርኩ።

የሎከም የወረቀት ሥራ አሰልቺ ነው፤ ጠቃሚውን ብቻ ልጥቀስ። በየግዛቱ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የግዛቶች የፈቃድ ስምምነት የስፔሻሊቲ ቦርድ ላለፈና ንጹሕ መዝገብ ላለው ሐኪም ነገሩን በጣም አቅልሎታል። የሆስፒታሉ የማስረጃ ማጣራት ግን ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ ስለዚህ «ለሚቀጥለው ወር እንፈልግሃለን» የሚል ወኪል ወይ አያውቅም ወይ ለብዙ ሰው እየደወለ ነው። ግብር ከደመወዝ ላይ ስለማይቆረጥ በየሩብ ዓመቱ ራስ ከፍሎ ማደር ነው፤ 15.3 በመቶ የሚሆነውን የግል ሥራ ግብር የቀን ክፍያው ሲነገራችሁ ወዲያውኑ አስቡት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሙያ ስህተት ኢንሹራንሱን ዓይነት ጠይቁ። አንዱ ዓይነት ሕክምናው የተሰጠው ውሉ በነበረበት ጊዜ እስከሆነ ድረስ ክሱ መቼም ቢመጣ ይሸፍናል፤ ሌላው ክሱ የቀረበው ውሉ በሥራ ላይ ሳለ ካልሆነ አይሸፍንም፣ ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ «ቴይል» የሚሉት ተጨማሪ ሽፋን ካልተገዛ በቀር። የጨረር ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳት ከዓመታት በኋላ ሊታይ ስለሚችል ይህ ለእኛ ከብዙዎቹ ሐኪሞች ይልቅ ያሳስበናል። ማን እንደሚገዛው በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የሎከም ገበያ ራሱም እንደ ድሮው አይደለም። ቀድሞ ጨረሩ በሚሰጥበት ሰዓት ሐኪም በአቅራቢያው መገኘት አለበት ስለሚባል፣ አንዳንዱ ማዕከል ሎከም የሚቀጥረው ወንበር እንዲሞላ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ሜዲኬር የተባለውን በዋናነት የአረጋውያን የጤና መድን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለሆስፒታል ተመላላሽ ክፍሎች የሚጠየቀውን የክትትል ደረጃ ስላላላው፣ ያ ዓይነቱ ሥራ ሳስቷል። በዚህ አልከፋም። ወንበር መሙላት ለሐኪሙም ለሕመምተኛውም የሚጠቅም ነገር አልነበረውም። የሚያሳስበኝ ሌላው ወገን ነው፦ ሕጉ ስለፈቀደ ብቻ በሳምንት አንድ ቀን ሐኪም የሚታይበት ማዕከል እየተለመደ ሊሄድ ይችላል፤ ያንን የላላ ማስክ በስልክ ማየት አይቻልም።

ጊዜያዊ ሥራ የሚነፍገው ዋና ነገር ክትትሉ ነው። ሎከም የሚሠራ ሐኪም ዕቅድ ያወጣል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል፤ ከስድስት ወር በኋላ አፉ የደረቀበትን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አንጀቱ የደማበትን ሰው አያይም። የጨረር ሐኪም ደግሞ የሚማረው ከዚያ ነው። የጨረር መጠን ገደቦቹ በመጽሐፍ ተጽፈዋል፣ ሆኖም ገደቡ አጠገብ የደረሰ ዕቅድ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያስተምረው የአምስተኛው ዓመት ቀጠሮ ነው። ለዚህ ነው ከሬዚደንሲ የወጣ ሰው በቀጥታ ሎከም ብቻ እንዲሠራ የማልመክረው። ሦስት አራት ዓመት አንድ ቦታ ተቀምጦ የራሱን ሥራ ውጤት ቢያይ፣ በኋላ የሌላውን ዕቅድ ሲረከብ የሚያየው ነገር ይበዛል።

አንዳንዶቹ ደግሞ «አገር ቤት ሄደን ለጥቂት ጊዜ ብንሠራስ?» ይላሉ። እዚህም ላይ ሥራው የሚከተለው ማሽኑን ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ20 ዓመት በላይ ጨረሩን ከራዲዮአክቲቭ ኮባልት በሚያገኝ የኮባልት 60 ማሽን የሚሠራ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር፤ ተማሪ ሳለሁ ጠዋት በኮሪደሩ የሚሰለፈውን ሰው አልፎ መሄድ ይከብድ ነበር። የኮባልት ኃይል በየአምስት ዓመት ከሦስት ወሩ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ምንጩ ባረጀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገው ደቂቃ ይረዝማል፣ ሰልፉም አብሮ ይረዝማል። ዛሬ ሊናክ በጥቁር አንበሳ፣ በጂማና በሐረር ሥራ ጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ሬዚደንሲ ያፈራቸው ሐኪሞችም ወደነዚህ ማዕከላት እየሄዱ ነው። እነዚህ ሐኪሞች ኬሞቴራፒም ጨረርም ይሰጣሉ። በአሜሪካ የሠለጠነ የጨረር ሐኪም ኬሞ አያዝም፤ ስለዚህ በአንድ የካንሰር ሕሙማን ክፍል ተረኛ ቢሆን ለግማሹ ሥራ እንግዳ ነው። የአገር ቤቱ ሥልጠና ይበልጥ የሚቀራረበው ከእንግሊዙ ጋር ነው፤ እዚያም ክሊኒካል ኦንኮሎጂስት ሁለቱንም ይሠራል፣ የቋሚና የጊዜያዊ ልዩነትም በሕግ የሰፈረ ነው፦ ቋሚ ኮንሰልታንት (ከፍተኛ ስፔሻሊስት) ለመሆን በስፔሻሊስቶች መዝገብ ላይ መስፈር ግድ ሲሆን፣ ሎከም ኮንሰልታንት ግን ሳይመዘገብም ሊቀጠር ይችላል።

ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ «አገለገልኩ» ማለት ደስ ይላል፤ በሁለት ሳምንት ግን የማህፀን በር ካንሰር ሕክምና እንኳን አንድ ሦስተኛው አይደርስም። የጀመርከውን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል፤ እሱም በቀን ብዙ ሕመምተኛ የሚያይ፣ ያንተን ዕቅድ ለመረዳት ጊዜ የሚያጥረው ባልደረባህ ነው። ለጠየቁኝ ሁሉ የምለው በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት በኢንተርኔት ተገናኝቶ ዕቅድ አብሮ መገምገም፣ ያንንም ለዓመት ሳያቋርጡ መቀጠል ከሁለት ሳምንት ጉብኝት የበለጠ ይረዳል የሚል ነው። ሄዶ ማስተማር የሚችል ፊዚሲስት ካለ ግን እሱ ወሩን ሙሉ ይቀመጥ፤ ማሽን ሲቆም የሁሉም ሥራ ይቆማልና።

እኔ ራሴ በአሁኑ ጊዜ ከአንድ ማዕከል ጋር የቋሚ ሥራ ውል እየተነጋገርኩ ነው። በደመወዙ ላይ ብዙ አልተከራከርኩም። የጠየቅኩት ሁለተኛ ሐኪም የሚቀጠርበት ቀን በውሉ ላይ እንዲጻፍ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለክትትል ቀጠሮ ብቻ እንዲያዝ፣ ማንኛችንም ውሉን ለማፍረስ ስንፈልግ የ90 ቀን ማስታወቂያ እንድንሰጥ፣ ከ90ው ቀን የመጨረሻዎቹ ሰባት ሳምንታት ደግሞ እኔ አዲስ ረጅም ሕክምና የማልጀምርባቸው እንዲሆኑ ነው። አስተዳዳሪው የመጨረሻውን አንቀጽ ከዚህ በፊት አይቶት እንደማያውቅ ነግሮኝ ምክንያቱን ጠየቀኝ፤ በሳምንት አምስት ቀን ሲሰጥ ሰባት ሳምንት የ35 ቀን ሕክምና ርዝመት መሆኑን አስረዳሁት። ጉዳዩን ለጠበቆቻቸው መርተውታል። እስከዚያው በጎረቤት ግዛት የሚተካ ያጣ አንድ ሐኪም ስላለ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ሳምንት እሱን ሸፍኜ እሠራለሁ።